የጨው በር

በኢሳን ሜዳ፣ ከመኮንግ ወዲህ፣ ሩዙ ታጭዶ ሲገባ፣
ሞት ሽማግሌ ትቶ ጎልማሳ ቤት ይገባ።
ጡብ ሲሸከም የዋለ፣ እራቱን ጠግቦ የበላ፣
ሌሊት አንዴ ያቃስታል፤ ድምፅ የለም ከዚያ በኋላ።

“መበለቷ ናት” ይላሉ፤ “ባሏን የቀበረች መንፈስ፣
ሌሊት በደጅ በደጁ አዲስ ባል የምታስስ።”
ስለዚህ ወንዱ ሁሉ፣ ቀኑ ተገባዶ ሲመሽ፣
ጥፍሩን ቀይ ተቀብቶ፣ በሚስቱ ሽርጥ ይተኛል፤ ከዓይኗ ሲሸሽ።
ሴት መስላት እንድታልፍ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ሽቦ መለጠፍ፣
የደረት ጸጉር መላጨት፣ ወረቀት በመርፌው ሥር ማሳለፍ።
ዶክተር ዊላይዋን ስታዝ አሥር ገመድ እዘረጋለሁ፤
ልብ ስትናገር፣ መርፌው ሲጽፍ፣ ዝም ብዬ አያለሁ።

ቡንሎም መጣ። ጡብ ሠሪ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፤
አበባ ያለበት ሽርጥ፣ አጭር፣ የሚስቱ።
ሌባ ጣቱን መለኪያው ቢቆነጥጠው፣ ከቀለሙ የተነሣ ቁጥር አልሰጠኝም።
“ላጥፋልህ?” አልኩት። ሳቀ።
“እሷ እያለች? አይሆንም።”

ጉብታ፣ ሹል፣ ጉብታ፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፤
የማንም ጤነኛ ልብ ጽሑፍ ነው፣ የማንም ሰው ምልክታ።
ዶክተሯ ግን “ከፍ አድርጊው” አለች፣ “በአንድ የጎድን አጥንት፤
ታች አትገኝም። ከላይ ነው የምትደበቅበት።”
ከፍ አደረግሁ።
መስመሩ ሽቅብ ወጣና መውረዱን ረሳ፤
እንደ ጣራ ጠርዝ ዘመመ፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ተነሣ።

ከበሩ ላይ ሚስቱ ካምፎንግ፣ ጨው አፍይ፣ መዳፏ የተሰነጠቀ፣
ነጭ አፈር ስትጠርግ፣ ስታጠልል፣ ዕድሜዋ ያለቀ፣
“ታየች ወይ?” አለች።
“ታየች።”
“ቤቷስ የት ነው?”
“የጨው በር ላይ” አለቻት ዶክተሯ። “ልብ የተሠራችበት ቅንጣት ሁሉ በር አለው፤
ጨው በዚያ ሲገባ ነው መብረቅ የሚፈጥረው፣ ልብን ‘ምቺ’ የሚለው።
የእሱ በር ማጠፊያው ከአባቱ ጀምሮ ጎባጣ ነው።
ቀን ሥራ ያቃናዋል። ሌሊት፣ ልብ ስታዘግም፣ መብረቁ መንገድ ይስታል።”

ካምፎንግ መዳፏን አየችው።
“ከልጅነቴ ጀምሬ ጨው አፈላሁ” አለች፤ “ለእሱ ግን አልጣፈጠ።”

ከዚያ ፖስታ መጣ። ጥናት ነውና ዕጣ አለ፤
ገሚሱ ክኒን ይውጣል፤ ለገሚሱ ከአንገቱ አጥንት ሥር ማሽን ይቀበራል፣ መብረቅን በመብረቅ የሚመልስ።
የቱ እንደሚሻል አናውቅም ነበር። እውነቴን ነው፤
ብናውቅ ኖሮ ዕጣ ምን ሊያደርግ።
ቡንሎም ቀይ ጥፍሩን በፖስታው አፍ አስገብቶ ቀደደ።
ክኒን።
“ፖስታ ይቀደድ እንጂ” አለ እየሳቀ፣ “ደረቴ ለምን ይቀደድ!”

በብርዱ ወር ሞተ፤ ጥፍሩ እንደቀላ።
በመዝገባችን አርባ አንደኛ ነው።
ከእሱ ወዲህ ሁለት ሰው። ከዚያ ከባንኮክ ተደወለ፦ ዕጣው ይቁም፤
ማሽኑ ለሁሉም ይሰጥ።

ልብ አላልንም አንልም። ልብ ስንል ነው የከረምነው።
ካምፎንግ ደጅ ግን ሄጄ ይህን አላልኩም፤
ጨው ገዛሁ፤ ሁለት ከረጢት፤ መልሱን አልጠበቅኩም።

ወንድሙ ቶንግሱክ ማሽኑ አለው።
አንድ ሌሊት መታው፤ ከአልጋው ወደቀ፤ ውሻው ጮኸ፤
ተነሥቶ ውኃ ጠጣና ተመልሶ ተኛ።
ለምርመራ ሲመጣ ያቺን ሌሊት ከማሽኑ ሆድ አወጣናት፦
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ መስመሩ ነፋስ እንደያዘው ሣር ይርበደበዳል፣
አንድ ረጅም ምት፣
ከዚያ ጉብታ፣ ሹል፣ ጉብታ፣ ትንሽ ዝምታ።

ጣቱን ስቆነጥጠው ቁጥር አልመጣ አለኝ።
ሌባ ጣቱ ብቻ፣ አንዷ ጥፍር፣ ቀይ።
“ማሽኑ እያለ?” አልኩት።
“ማሽኑን እኔ አምናለሁ” አለ። “ለእሷ ግን ማን ነገራት?”

ዶክተሯ ሰምታለች። ከወረቀቱ ቀና አላለችም።
“በሌላኛው ጣት ሞክሪ” አለች።